ድምፅና በረኛው በሪያድ ከተማ

የሰው ድምፅ ከባለቤቱ አካል ተለይቶ በዕቃ ላይ መቀረጽና ባለቤቱ በሌለበት ስፍራ፥ በሌለበትም ሰዓት መናገር ከጀመረ ወዲህ፥ ከመቅረጹ ጥበብ ባላነሰ ሰዎችን ሲያሳስብ የኖረው የበሩ ነገር ነው፤ ይኸውም የተቀረጸውን ድምፅ ማን ይስማው፥ ማንስ ይከልከል፥ «ባለመልእክቱ እኔ ነኝ» ብሎ የሚቀርበውስ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑ በምን ይታወቅ የሚለው ነው። በዛሬይቱ ሪያድ፥ በዑለያና በንጉሥ ፋህድ ጎዳናዎች ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የሚሠራ ሠራተኛ፥ ጠዋት ገብቶ ኮምፒውተሩን በይለፍ ቃሉ አንድ ጊዜ ከከፈተ በኋላ፥ በሌለበት የተጠራቀመለትን የድምፅ መልእክት ለመስማት ሁለተኛ ቃል ሳይጠየቅ ይቀራል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ማንነቱን አውቆ የመልእክቱን ሣጥን ራሱ ከፍቶ ያቀርብለታልና። እንደ ዋዛ የሚታለፈው ይህ ምቾት ከመቶ ዓመት በላይ የሚጓዝ የበረኝነት ታሪክ አለው፤ በዚያም ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያውያን አንድ ጊዜ በቤተ መንግሥት አዳራሽ፥ ሌላ ጊዜም በሪያድ ማድ ቤቶች ውስጥ ስለሚገኙ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

በነሐሴ ወር 1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በኦዝቦርን ቤታቸው ሳሉ፥ ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 በፈለሰፈው የፎኖግራፍ ጥበብ፥ በክብ የሰም ጥቅል ላይ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃል አስቀረጹ። ያንን ድምፅ ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው የመንግሥታቸው ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበረ። ምኒልክም ቃሉን የተቀበሉት እንደ ተራ ዕቃ ሳይሆን፥ ንግሥቲቱ በአካል ከፊታቸው እንዳሉ ቆጥረው፥ መድፍ አስተኩሰው፥ ቆመው ነው። ንግሥቲቱ ግን ድምፃቸው ከታለመለት ጆሮ አልፎ ወደ ሌላ እንዳይደርስ ስለ ሰጉ፥ ከተሰማ በኋላ ጥቅሉ እንዲጠፋ አዘው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በተራቸው አስቀርጸው የላኩት መልስ ሳይጠፋ ቆይቶ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ከፍ ያለ የድምፅ መልእክት ሦስት ጠባቂዎች ነበሩት ማለት ነው፤ ፊቱ የታወቀ መልእክተኛ፥ የተቀባዩ ክብር፥ በመጨረሻም መልእክቱን ራሱን የሚያጠፋ ትእዛዝ። በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ምሥጢር ጥበቃ ዛሬ የሚወጡት ደንቦች ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ እምብዛም አልራቁም።

ምኒልክ የዚህን ነገር ክብደት የተረዱት ያለ ምክንያት አልነበረም። በእርሳቸው ግቢ ድምፅና በር በሹመት የተከፋፈሉ ነበሩ፤ አፈ ንጉሡ በፍርድ ሸንጎ በንጉሡ ስም ይናገራል፥ እልፍኝ አስከልካዩ ወደ ንጉሡ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል፥ አጋፋሪው ደግሞ በግብር ሰዓት እያንዳንዱን በየማዕርጉ ያስገባል። እነዚህ ሹማምንት የሰውን ማንነት የሚያውቁት በጽሑፍ ሳይሆን በዓይንና በአንደበት፥ በዘርና በሹመት ትውስታ ነበር። ስልክ ሲመጣ ይህን ሥርዓት የሚያናውጥ ሆኖ ታየ፤ ራስ መኰንን ከኢጣሊያ ይዘውት የመጡትን የመጀመሪያ ስልክ ካህናቱ የአጋንንት ሥራ ነው ብለው እንዲሰበር መጠየቃቸውና ምኒልክ እሺ አለማለታቸው ሲተረክ ኖሯል። እኔ ካህናቱን በዚህ ነገር ለመንቀፍ አልቸኩልም። አካል የሌለው ድምፅ ከግድግዳ ሲናገር የሰማ፥ «ማን ነህ? ከማንስ ተልከህ መጣህ?» ብሎ መጠየቁ የንቁ አእምሮ ሥራ ነው። ያም ሆነ ይህ እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ሥራውን ያዘ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም እ.ኤ.አ. በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ።

የሪያድም ነገር በዚያው ዘመን ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ሱዑድ እ.ኤ.አ. በጥር 1902 የመስመክን ምሽግ ሲይዝ፥ ከተማይቱ በጭቃ ግንብ የታጠረች፥ በቴምር ዛፎች መካከል የተቀመጠች አነስተኛ ስፍራ ነበረች። ንጉሡ ሰፊውን በረሃ በአንድ ቃል ለመግዛት ያለ ሽቦ ቴሌግራፍና ስልክ ከማስገባት ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ነገር ግን ኢኽዋን የሚባሉት የእምነት ተዋጊዎቹ እነዚህን ዕቃዎች ከአውቶሞቢሉ ጋር አክለው አጥብቀው ነቀፏቸው፥ ሌላም ብዙ ቅሬታ ተደራርቦበት ነገሩ ወደ ጦርነት ደርሶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1929 በሲቢላ ሜዳ ድል ሆኑ። ዑለማ የሚባሉትን የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ ማሳመኑ የሚነገረው ታሪክ ግን የሰላም ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ቁርኣን እንዲነበብ ተደርጎ በሌላኛው ጫፍ ሲሰሙት፥ ሰይጣን የፈጣሪን ቃል ሊሸከም አይችልምና ዕቃው ንጹሕ ነው ተባለ ይላሉ። ይህን ከእኛው የካህናት ታሪክ ጋር አንድ ላይ ሳነበው፥ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የነበሩት ሁለቱ የሃይማኖት ማኅበረሰቦች ስለ ድምፅ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ እንደ ነበራቸው አያለሁ። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ በዐረብ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ አዛን ያሰማው ቢላል የሐበሻ ዘር ነበረ፥ ከመካ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞችም በአክሱም ንጉሥ ፊት ቀርበው ነገራቸው ከአንደበታቸው ተሰምቶላቸው ነው መጠጊያ ያገኙት ተብሎ ይነገራል።

ሪያድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተማ የሆነችው ቆይታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሚኒስቴሮቹ ከሒጃዝ ወደ እርስዋ ተዛወሩ፤ ኤምባሲዎቹ ደግሞ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በጅዳ ቆይተው በኋላ በዲፕሎማቶች ሠፈር ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የዘይት ዋጋ ሲንር የመጣው ገንዘብ ከተማይቱን ሲያስፋፋ፥ ስልኩ ግን ከሕዝቡ ኋላ ቀርቶ ነበርና፥ እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ የኔዘርላንዱ ፊሊፕስና የስዊድኑ ኤሪክሰን በኅብረት፥ አስተዳደሩን ቤል ካናዳ እንዲይዘው ሆኖ፥ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ውል ተፈራረሙ። ኤሪክሰን ያመጣው ኤኤክስኢ የሚባለው የስልክ ማዞሪያ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነበር። ይህ ማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ በሪያድ ማን ለማን እንደ ደወለ የሚያውቀው ሰው ሳይሆን መዝገብ ሆነ ማለት ነው፤ ለኋላው ነገር ሁሉ መሠረቱ የተጣለው በዚህ ይመስለኛል።

ከኔዘርላንዱ ፋብሪካ ጋር ግን ኢትዮጵያውያን የተገናኙት በሌላ በር ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያቀረበው ትንሹ ካሴት፥ ከሪያድ ወደ ወሎና ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ወደ ሪያድ የሚመላለስ የድምፅ ደብዳቤ ሆኖ ብዙ ዘመን አገለገለ። ለሐጅና ለዑምራ ሄደው በዚያው የቀሩ፥ ከአብዮቱ በኋላ በሱዳን በኩል የተሻገሩ፥ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም ለቤት ሠራተኛነት የወጡ እኅቶች፥ ብዙዎቹ ከባቲና ከከሚሴ፥ ከሐርቡና ከደሴ አካባቢ ነበሩ፤ ማንበብና መጻፍ ያልታደለች እናት ለላከቻት ልጅ ደብዳቤ በጸሐፊ ማስጻፍ ማለት ምሥጢርን ለጎረቤት መንገር ነበርና ካሴቱ ነፃነት አመጣ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ደግ ነው። አዲስ ካሴት መግዛት ያልቻለ ሰው አሮጌ የዘፈን ካሴት ይወስዳል፤ የዘፈን ካሴት ግን በላዩ እንዳይቀረጽበት ከጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ ክዳኖች ተሰብረው የሚሸጥ ስለሆነ፥ ቀዳዳዎቹ በታኘከ ወረቀት ወይም በፕላስተር ይደፈናሉ። ከዚያ ቀዩ ቁልፍና ማጫወቻው አብረው ይጫናሉ። መልእክቱ የሚጀምረው በወረቀት ደብዳቤ ሥርዓት ነው፤ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፥ እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን» ይባላል፥ ቀጥሎ ሽማግሌው ይመርቃሉ፥ ልጆች በተራ ስማቸውን ይናገራሉ፥ በመካከል ሙቀጫ ሲወቀጥ፥ ዶሮ ሲጮኽ፥ ጎረቤት ሲገባ ይሰማል። አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ሲሞላ ቃጭ ብሎ ይቆማል፤ ካሴቱ ይገለበጥና ስለ ብድሩ፥ ስለ ቤቱ ቆርቆሮ፥ ስለ ታመመው በሬ የሚነገረው ቁም ነገር በሁለተኛው ገጽ ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ፥ በመርፌ ተሰፍቶ፥ ስም ተጽፎበት ለመንገደኛ ይሰጣል። ሪያድ ሲደርስ ተቀባይዋ ማዳሟ ከተኛች በኋላ በማድ ቤት ጥግ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ትሰማዋለች። በዚህ ሁሉ መካከል በረኛው መንገደኛው ነው፤ ስፌቱ ሳይፈታ መድረሱ የእርሱ ታማኝነት ምስክር ነበር። ሰፊው ሕዝብ ከምኒልክና ከቪክቶሪያ መልእክተኛ ጋር አንድ ዓይነት ሥርዓት ለራሱ ሠርቶ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ታሪክ ጸሓፊዎቻችንም ለዚህ ልማድ የሚገባውን ስፍራ ሊሰጡት ይገባል እላለሁ።

ከካሴቱ ጋር ጎን ለጎን በሪያድ ባጥሃ ገበያ ዙሪያ የነበሩት የስልክ ካቢናዎች ያገለግሉ ነበር፤ ሰው ተራ ይዞ፥ የካቢና ቁጥር ተሰጥቶት፥ እየፈጠነ ተናግሮ፥ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ካቢናው የሰውን ማንነት አይጠይቅም፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገባበታል። በዚያ በኩል ከኋላ ከመጡት ሁሉ የላቀ ርኅራኄ ነበረው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ እንመለስ። በጽሕፈት ቤት ውስጥ የድምፅ መልእክትን በኮምፒውተር ማከማቸት የጀመሩት አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአይቢኤም የምርምር ክፍል ስቲቨን ቦይስ የሚመራው የንግግር ማከማቻ ሥራ ተጀመረ፤ ጎርደን ማቲውስ የተባለው የቴክሳስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1983 ተፈቀደለት፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው ኦክቴል ደግሞ ዕቃውን በየመሥሪያ ቤቱ አዳረሰው። የእነዚህ ሣጥኖች በር የሚከፈተው በስልኩ ቁልፎች በሚነካ የምሥጢር ቁጥር ነበር፤ ይህም የተቻለው ቤል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ሁለት ድምፅ እንዲያሰማ አድርጎ በሠራው ስልክ ምክንያት ነው። እንግዲህ ድምፅን በድምፅ ቁልፍ መክፈት ተጀመረ፤ መልእክተኛው ከመካከል ወጥቶ በምትኩ አራት አኀዝ ገባ።

አራት አኀዝ ግን ደካማ በረኛ ነው። ሰው ፋብሪካው የሰጠውን ቁጥር ሳይለውጥ ይተወዋል፤ ወይም የልደቱን ዓመት ያደርገዋል። ከዚህም የባሰ፥ ምቾት ፈላጊዎች ሣጥኑ የባለቤቱ ስልክ ሲደውል ምንም ሳይጠይቅ እንዲከፈት አደረጉት፤ የደዋዩን ቁጥር አስመስሎ መላክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ክፍት በር ሆነ። በእንግሊዝ አገር የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ የተባለው ጋዜጣ ሰዎች የብዙዎችን የድምፅ ሣጥን፥ እ.ኤ.አ. በ2002 የጠፋችውንና በኋላ ተገድላ የተገኘችውን የአንዲት ልጅ ሣጥን ሳይቀር፥ ገብተው ሲሰሙ መኖራቸው በተገለጠ ጊዜ ቁጣው ስለ በረታ፥ 168 ዓመት የኖረው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2011 የመጨረሻ እትሙን አውጥቶ ተዘጋ። እናትና አባት ለጠፋች ልጃቸው የተውትን ድምፅ እንግዳ ሰው ገብቶ መስማቱ፥ ከስርቆት የከፋ በደል መሆኑን ሕዝቡ ያለ ሕግ መጽሐፍ ተረድቶታል።

በኔትወርኩ በኩል በራስ ሰር የሚሆነው መግቢያ የተወለደው በሌላ ቤት ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው አቴና የተባለው ሥራ፥ ተማሪዎች በግቢው ሁሉ በተበተኑ ኮምፒውተሮች እንዲጠቀሙ ሲያደርግ፥ የይለፍ ቃል በሽቦ ላይ ሲመላለስ እንዳይሰረቅ ከርቤሮስ የሚባለውን ሥርዓት ወለደ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ዊንዶውስ ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቶች ዋነኛ መግቢያ አደረገው። አሠራሩ በጥንት ዘመን ነጋዴ ከግዛት ወደ ግዛት ሲሻገር በየኬላው ከሚያሳየው ማኅተም ያለበት የይለፍ ደብዳቤ ጋር ይመሳሰላል። ሠራተኛው ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት፥ ማንነቱን የሚመሰክረው ዋና ሰርቨር የታተመ ምስክር ይሰጠዋል፤ ወደ ድምፅ መልእክቱ ሲሄድ በዚያ ምስክር ለሣጥኑ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ምስክር ይቀበላል፤ የድምፅ ሰርቨሩም ከዋናው ጋር ብቻ በሚያውቀው ቁልፍ ማኅተሙን ፈትቶ ስሙን አንብቦ ያስገባዋል። ትልቁ ጥበብ የድምፅ ሰርቨሩ የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ከቶ አለማየቱ ነው።

ይህን የሚተክል ባለሙያ ከሚሠራቸው ነገሮች እጅግ የሚያደክመው ማሽኑን ማገናኘት አይደለም፤ ስምን ከቁጥር ማዛመድ ነው። እያንዳንዱ የውስጥ ስልክ ቁጥር በሠራተኞች መዝገብ ከትክክለኛው ሰው ጋር መታሰር አለበት፤ በዚህ ላይ ከተሳተ፥ አውቶማቲኩ በር የአንዱን ሰው ድምፅ ለሌላው በፍጹም እምነት ይከፍታል። በሪያድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ይህ ሥራ ልዩ ጭንቀት አለው። አንዱ ሙሐመድ በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት ይጻፋል፤ የሳዑዲው ሰው ስሙን፥ አባቱን፥ አያቱንና ነገዱን ይዞ ይመጣል፤ ኢትዮጵያዊው ግን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውምና፥ መዝገቡ በግድ ሲጠይቀው የአባቱ ስም በአንዱ ቅጽ፥ የአያቱ ስም በሌላው ቅጽ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ ኢቃማ በሚባለው የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ አንድ፥ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ፥ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሦስተኛ ሰው መስሎ ይታያል። ሰው በአጋፋሪው ፊት ቆሞ ማንነቱን ሊያስረዳ ይችል ነበር፤ ከመዝገብ ጋር ግን ክርክር የለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። የተሰጠው ምስክር በተለመደው አሠራር ለ10 ሰዓት ብቻ ይጸናል፤ የሁለቱ ማሽኖች ሰዓትም ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛነፈ በሩ አይከፈትም፤ ይህ የሆነው አንድ ሌባ የትናንቱን ምስክር ቀድቶ ዛሬ እንዳያቀርብ ነው። ጊዜ በአገሩ የኖረበትን ሁኔታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥብቅነት ያስደንቃል። በሳዑዲ ዐረብ ሰዓት እስከ 1960ዎቹ ዓመታት ድረስ ከፀሐይ መጥለቂያ ጀምሮ ይቆጠር ነበር፤ የመንግሥት ደሞዝ ራሱ በሒጅራ ወር ሲከፈል ኖሮ ወደ ጎርጎርዮሳዊው የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት፥ ዓመቱን ከመስከረም እንጀምራለን። በሪያድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እንግዲህ በልቡ ሦስት ባሕረ ሐሳብ ይዞ ይውላል፤ ለእናቱ ሲደውል በአንዱ፥ ለረመዳን በሌላው፥ ለመሥሪያ ቤቱ በሦስተኛው ይቆጥራል። ማሽኑ የሚቀበለው ግን አንዱን ብቻ ነው፥ እርሱንም ከ5 ደቂቃ ሳያልፍ።

በመሥሪያ ቤት የተቀመጠው የድምፅ ሣጥን ራሱ በብዙ ስፍራ ዕድሜው አጠረ፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢሜይል ጋር ያጣመረውን የድምፅ መልእክት ከ2019 እትሙ አስቀረው። ድምፁ ወደ እጅ ስልክ ፈለሰ። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ቁልፍ ተጭኖ የድምፅ መልእክት መላክን ሲጀምር፥ በሳዑዲ በኢንተርኔት መደወል ገና የተከለከለ ነበር፤ ቫይበር በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተዘግቷል፥ ክልከላው መላላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው። ስለዚህ እኅቶቻችን በካሴት የለመዱትን ተራ በተራ የመናገር ልማድ በዚህ አዲስ ዕቃ ቀጠሉበት፤ «ቮይስ ላኪልኝ» የሚለው አነጋገር በከሚሴና በመንፉሃ አንድ ሆነ።

መንፉሃ ከሪያድ በስተደቡብ ያለ፥ ጥንት የአል-አዕሻ የተባለው የዐረብ ባለቅኔ መንደር የነበረ፥ በእኛ ዘመን ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት ሠፈር ነው። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር መጀመሪያ፥ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ለማስወጣት የተሰጠው ቀን ገደብ ሲያልቅ፥ በዚያ ሠፈር ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በእነዚያ ሌሊቶች በእጅ ስልክ የተቀረጸው ድምፅና ምስል ከመንፉሃ ወጥቶ ዓለምን ዞረ፤ ኢትዮጵያውያንም በየአገሩ በሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጃፍ ወጥተው አለቀሱ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ያን ጊዜ ድምፁ በረኛ አልነበረውም፤ የመንገደኛ ስፌት፥ የምሥጢር ቁጥር፥ የመዝገብ ስም ሳይከለክለው ድምፁ ለሁሉ ተሰማ፤ ደግሞም ያ ባይሆን ኖሮ ስንቱ በዝምታ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ በሩ ጠበበ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ በሳዑዲ ሲም ካርድ የሚወጣው በጣት አሻራ ሆነ፤ አሻራ ያልተሰጠባቸው ቁጥሮችም ተዘጉ። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ገብቶ ሁሉን የመክፈት ጥበብ አብሽርና ናፋዝ በሚባሉት የመንግሥት አገልግሎቶች ለአገሩ ሁሉ ሆነ፤ ኢቃማ ያለው ሰው በስልኩ ላይ ማንነቱን አስመስክሮ ከቤቱ ሳይወጣ ጉዳዩን ይፈጽማል። ይህ ለብዙ ሺህ ሕጋዊ ሠራተኞች እውነተኛ በረከት መሆኑን መካድ አይገባም፤ ሰልፍ ቀርቷል፥ ደላላ ተወግዷል፥ ሰው ሰነዱን በዓይኑ ያያል።

ኢቃማ የሌላት ሴት ግን በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ትይዛለች። በዚያ ቁጥር የተከፈተው ኢሞዋና ዋትስአፗ፥ ከእናቷ የመጣው ድምፅ ሁሉ ያለበት፥ በሕግ የባለ ስሙ ነው። እርሱ አገሩ ሲገባ ወይም ቁጥሩን ሲዘጋ፥ እርስዋም ስልኳ ተሰብሮ አዲስ ገዝታ ለመግባት ስትሞክር፥ የማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው ለተዘጋው ሲም ነው። አሮጌው የድምፅ መልእክት በተሰበረው ስልክ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ የተነሣ ብልሆቹ እንዳይጠፋባቸው የሚፈልጉትን ቮይስ ወደ ደሴና ወደ ባቲ ለዘመድ ስልክ መልሰው ይልካሉ፤ እዚያ ያለው ቁጥር በራሳቸው ወገን ስም ነውና።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ወመዘክርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይህን የድምፅ ሀብት ማሰባሰብ ሊጀምሩ ይገባል፤ መጀመሪያም ካሴቶቹን፥ የመግነጢስ ጥብጣብ በሙቀትና በእርጥበት እየተጣበቀ የሚበላሽ፥ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ያለ ነገር ነውና። በወሎ ቤቶች ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ካሴት ሲገኝ፥ አዘጋጁ ከመገልበጡ በፊት ከላኪዋም ከተቀባይዋም ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ከሁለቱ አንዷ አሁንም ሪያድ ልትኖር ትችላለች፥ የተናገረችውም ለእናቷ እንጂ ለቤተ መዛግብት አይደለም።